ውኃ የጠጣው ድንጋይ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ይገዙ
ቢቸና

አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱስ በረታብዎት? እኔ ደኅና ነኝ። ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ ባንድ ቀን ነው የደረሱኝ። ሾፌሩ ወንድዬ የፊተኛውን መኪናው ውስጥ ረስቶት ከርሞ፣ ሁለተኛውን ሲያመጣ አብሮ አስረከበኝ። ዝም ያልኩ መስሎዎት ተቀይመው ከነበር ይቅር ይበሉኝ። ስልክ የሚሰማ ጆሮ ቢኖርዎ ይኼ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን አርባ ዓመት መዶሻ የሰማ ጆሮ ምን ይፈረድበታል።

ለጠየቁኝ ልመልስ። ጣሪያው ተጠግኗል። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፤ ያለፈው እሑድ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነበርኩ። የቤት ኪራዩ አያሳስብዎት። ሥራ አለ ወይ ላሉት፣ አለ፤ የተበጠሰ ሀብል፣ የላላ ቀለበት፣ አንዱ የጠፋ ጉትቻ። ወደ አገርዎ ሲገቡ “የተሰበረ ጠግኚ፤ ድንጋይ ግን እንዳትነኪ፣ የሰው ውርስም እንዳትቀበይ” ብለውኝ ነበር። ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

አሁን የምነግርዎ አለኝ። መጨረሻ ላይ ሸሸግ አድርጌ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ እርስዎ ግን ደብዳቤ ከመጨረሻው ስለሚጀምሩ አያዋጣኝም።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት መጣ። ራዕይ ይባላል። ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው፤ ቤተሰቡ የወንጌል አማኞች ናቸው። ነጭ ጨርቅ ፈትቶ አንዲት ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የደላንታ ኦፓል ናት፤ ባቄላ ታክላለች። ዝም ብለው ሲያዩዋት ነጭ ነገር ናት፤ ወደ ብርሃን ዘወር ሲያደርጓት ግን አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ብርቱካኑ ከውስጧ እየተነሣ ይሮጣል። ባንድ ጎኗ የተቆፈረችበት አፈር ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ቀርቶባታል።

አያቱ ደላንታ ገበሬ ነበሩ። ከልጃቸው ከኃይለ መስቀል ጋር ገደል ሥር እየቆፈሩ ኦፓል ያወጡ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ ተደረመሰ። አባት ወጡ፣ ልጅ ቀረ። ይህች ድንጋይ ኃይለ መስቀል በዚያን ዕለት ጠዋት አውጥቶ ለአባቱ ያቀበላቸው ናት። ሽማግሌው ሌላውን ሁሉ ሲሸጡ ይህችን አልሸጧትም፤ ለራዕይ እናት ሰጧት። እናቱም ዓምና ሲያርፉ ለእሱ ተናዘዙለት። አሁን ሜሪ ለምትባል ልጅ ቀለበት ሊያስር ነው። ከሌላ ሰው ጣት ያልተቀዳ፣ ለእሷ ተብሎ የታሰበ ቀለበት ይፈልጋል።

ለምን እኔ ዘንድ እንደመጣ ጠየቅሁት። ትልልቆቹ ወርቅ ቤቶች ሁሉ ድንጋይዋን ትቶላቸው እንዲሄድ ነገሩት። እኔ ግን ገና ሳይጠይቀኝ ፊቱ መዘንኳት፤ 0.84 ግራም ብዬ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁት። በዚህ ነው የወደደኝ።

ተቀበልኩት አባባ። የቀለበቱ ቀን ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ ነው።

ልጅዎ ሳያት


ቢቸና፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳያት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤፉ ደርሷል፤ ዘንድሮ ዝናቡ አልከፋም። ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው።

ደብዳቤሽን አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ድንጋዩን መልሺ።

ወርቅ ቢበላሽ ይቀልጣል፣ እንደገና ይሠራል። ብርም ያው ነው። ድንጋይ ግን አንዴ ነው፤ ሰው የሞተበት ድንጋይ ደግሞ ይብሳል። ልጁን በደኅና ቃል አሰናብቺው። የእጅሽን ሥራ አቃልዬ አይደለም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ወንድዬ ሐሙስ ይመለሳል፤ “መለስኩ” የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ማር በቆርቆሮ ልኬልሻለሁ፤ ክዳኑ ላልቷልና ቀጥ አድርገሽ ያዢው።

አባትሽ ይገዙ


ኮልፌ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ ማሩ ሳይፈስ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ድንጋይዋን አልመለስኩም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነበር የተቀመጥኩት፤ ይቅርታው አልወጣ አለኝና በቅሬታዬ ልጀምር። “ምክንያቱን አትጠይቂኝ” ብለውኛል። እኔም ሳልጠይቅ ገመትኩት፤ ሴት ስለሆንኩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ያቺን ለሙሽራ የፈተልኳትን የወርቅ ክር ሀብል ወዳጆችዎ እያነሡ ሲያደንቁ፣ “የልጄ ሥራ ናት” ለማለት አንዲት ቃል አልወጣዎትም። አልተቀየምኩም እል ነበር፤ ለካ ተቀይሜ ኖሬያለሁ። ፊትዎ ቆሜ ይህን አልለውም። ወረቀት ሰውን ደፋር ያደርገዋል፤ አይዘኑብኝ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገርዎ፤ መስማት ባይፈልጉም እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

ሜሪን አየኋት። ቤቴል መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ጣቶቿ ቀለም አያጣቸውም። ከአያቷ ሀብል የወጡ ሁለት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቀያይ ድንጋዮች ይዛ መጣች። “የእሱ ቤት ብቻ ጣቴ ላይ አይቀመጥም፤ የእኔም ቤት ይግባ” አለች። ራዕይ ሳቀ፤ ደስ እንዳለው ግን ያስታውቃል።

የተጣሉት በቅርፊቱ ነው። ራዕይ ቡናማው ተቆርጦ ድንጋይዋ ክብ ሆና እንድትጠራ ፈለገ። ሜሪ ድንጋይዋን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አገላበጠቻት።

“አጎትህ ሲያወጣት እጁ ያረፈው በዚህ በኩል ነው አይደል?” አለችው።

“ሳይሆን አይቀርም” አለ።

“እንግዲያው አይቆረጥም።”

እኔም በልቤ ተመሳሳይ ነገር እያልኩ ነበር። ሰባት ጊዜ ሣልኩ፤ ስድስቱን ቀደድኩ። ሰባተኛው ይኸውልዎ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ። ቅርፊቱ ወደ ክንዷ ዞሮ ይተኛል። ሁለቱ ቀያይ ድንጋዮች ግራና ቀኝ አይከፋፈሉም፤ ሁለቱም በአፈሩ በኩል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ድንጋይዋን ዙሪያዋን ዝቅ ያለ የወርቅ ክፈፍ ያቅፋታል። ከሥሯ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ እንዲያበራላት ስስ የወርቅ ንጣፍ እገጥማለሁ። መጀመሪያ ሙሉውን በመዳብ ሠርቼ ሜሪ ሳምንት አድርጋው ተመለሰች። ሕፃናት ስታቅፍ ፀጉራቸውን ያዘብኝ ስላለች ጠርዙን አለዘብኩት።

ይቆጡ። ግን ሥዕሉን አይተው ይቆጡ።

ሳያት


ኮልፌ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ መንገዱ ተዘግቷል ብለው ወንድዬን ከአውቶቡስ ተራ አላስወጡትም። ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም፤ ካልጻፍኩት ግን የማወራው ሰው የለኝም።

ድንጋይዋ ሞተችብኝ።

ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ ነው። ክፈፉ አልቆ፣ ድንጋይዋን ከማስገባቴ በፊት በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን አቧራ ላለዝብ ብዬ ንጹሕ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሳሙና የለበትም፣ ምንም የለበትም። ከሰዓት ስመለስ ብርጭቆው ውስጥ ድንጋይ የለም። የተሰረቅሁ መስሎኝ በሩን አየሁ፤ ተቆልፏል። ጣቴን ስከት ግን ነካኋት። ውስጧ የሚታይ፣ እንደ በረዶ የጠራች ነገር ሆናለች። ቀለሟ በሙሉ ጠፍቷል። የቀረው ቡናማው ቅርፊት ብቻ ነው።

ድንጋይዋን አውጥቼ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ስልኬን አንሥቼ ለራዕይ ደወልኩ። ነገ እስኪነጋ ልጠብቅ፣ ምናልባት አንድ መላ ይገኝ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ግን ነገ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? በዚያው ሰዓት ነገርኩት።

ከአክስቱ ጋር መጣ። እትዬ ኤልሳቤጥ ይባላሉ፤ የእናቱ ታናሽ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ኃይለ መስቀል የእሳቸውም ወንድም ነው። ድንጋይዋን አይተው አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው መዝኚያት አሉኝ። መዘንኳት። 0.93 ግራም።

“የሰጠንሽ ሰማንያ አራት ነው፤ ይኼ ዘጠና ሦስት ነው። ሚዛንሽ ራሱ መሰከረብሽ። የወንድሜን ደም በጠርሙስ ለወጥሽው” አሉ።

ራዕይ ሊያረጋጋቸው ሞከረ፤ ፊቱን ሳየው ግን እሱም ተጠራጥሯል። አባባ፣ በዚያች ሰዓት ነው አእምሮዬ የሠራው። ሌባ ቀላል ነገር ይተካል እንጂ ቅርፊቱ ሳይቀር ቁርጥ እሷን የመሰለች፣ ግን የከበደች ድንጋይ ከየት ያመጣል? ብርጭቆውን አነሣሁት፤ ከጠዋቱ ጎደል ብሏል። ድንጋይዋ ውኃ ጠጥታለች። የጠጣ ነገር ደግሞ ይደርቃል።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ኤልሳቤጥ ተረት የማወራላቸው መሰላቸው። ከጎኔ የሚሠራው ዩሱፍ፣ የብር አንጥረኛው፣ ድምፃችንን ሰምቶ ገብቶ ነበርና በመብራት እናሙቃት፣ ባንድ ሰዓት ትደርቃለች አለ። ለእኔ አዝኖ ነው። ላደርገውም እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ማንኛዋም ሸክላ ሠሪ ይህን ታውቃለች። ተውኩት።

ድንጋይዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ለእትዬ ኤልሳቤጥ ሰጠኋቸው። ሚዛኑንም አብሬ ሰጠኋቸው። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ፀሐይና እሳት ሳያያት፣ ቁልፉ ከእሳቸው ዘንድ ሆኖ ትቀመጥ፤ በየቀኑ ጠዋት ራሳቸው ይመዝኗት። ቁጥሩ ካልወረደ ወደፈለጉት ይውሰዱኝ አልኩ። በየት በኩል እንደደፈርኩ አላውቅም።

ሚዛን ከሌለኝ ሥራ የለኝም። ሱቁን ከፍቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዩሱፍ ምሳ ያካፍለኛል። ድንጋይ እንዳትነኪ ብለውኝ ነበር፤ አሁን ልክ ነበርኩ ቢሉኝ አልከራከርም።

ልጅዎ


ቢቸና፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ

የጥቅምት 29ኙ ደብዳቤሽ ትናንት በሰው እጅ ደረሰኝ። መንገድ ስለተዘጋ ይህም በሰው እጅ ነው የሚመጣልሽ። ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ስለ ሥዕሉ በኋላ እናገራለሁ።

ሴት ስለሆንሽ ነው ብለሽ ጻፍሽ። አይደለም። እንዲህ ያሰብሽው በእኔ ዝምታ ነውና ዝምታዬን ልፍታው። ይህን እናትሽ እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው።

አንቺ ገና ድክ ድክ ስትይ ነው። ወይዘሮ ኮከብ የምትባል የቀራንዮ ሴት የእናቷን ቀለበት አምጥታ ጠብቶብኛል፣ አስፋልኝ አለችኝ። አረንጓዴ ድንጋይ ነበረበት። ድንጋዩ ሳይወጣ እሳት እንደማይነካ አውቃለሁ። ግን የሰርግ ሥራ ተቆልሎብኝ ነበር፤ ለማውጣት ሰነፍኩ፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬበት በየድኩት። ጣ አለ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ፤ ጆሮዬ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ያንን አልረሳም። ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ።

ላልነግራት ወሰንኩ። መርካቶ ወርጄ መልኩ የሚቀርብ አረንጓዴ ብርጭቆ አስቆርጬ ገጠምኩበት። ስትመጣ ጣቷ ላይ አጥልቃ “እናቴን መለስክልኝ” አለችኝና እጄን ሳመችኝ። የሳመችውን እጅ ይዤ ነው ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት። ከዚያ ወዲህ የሰው ድንጋይ ነክቼ አላውቅም። አንቺንም የከለከልኩሽ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብሽ እንደኔ እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ፍርሃቴን ምክር አስመስዬ አወረስኩሽ።

ስለ ሀብሉም ልክ ነሽ። አንቺ እንደሠራሽው መናገር ነበረብኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ሰው እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።

ሥዕሉ ጥሩ ነው። ከጥሩም በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ አይድረስብሽ እንጂ አንድ ነገር ቢደርስ፣ በዚያው ቀን ንገሪያቸው። ማደር የለበትም። አንድ ሌሊት ካደረ ሃያ ስድስት ዓመት ያድራል።

አባትሽ


ኮልፌ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባዬ፣

መንገዱ ተከፍቶ ወንድዬ ዛሬ ይነሣል። የኅዳር 7 ደብዳቤዬንም አብሬ ልኬዋለሁ። መጀመሪያ እሱን ያንብቡ፤ ይህን በኋላ። እባክዎ ከመጨረሻው አይጀምሩ።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ድንጋይዋ በእትዬ ኤልሳቤጥ ቁም ሳጥን ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ሱቁ በር ላይ ቆሜ አነበብኩትና ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። “በዚያው ቀን ንገሪያቸው” የሚለው ላይ ስደርስ ነው ያለቀስኩት። ነግሬያቸው ነበር አባባ። ምክርዎ ሳይደርሰኝ ነግሬያቸው ነበር። ከየት ተማርሽው ቢሉኝ ደግሞ ከእርስዎ ነው የምል፤ ደንበኛ ፊት ሲመዝኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይቅር በይኝ ላሉኝ፣ ይቅርታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ነበር። ከዚህ በላይ አያስጽፉኝ።

አሁን ይስሙ። በመጀመሪያው ጠዋት እትዬ ኤልሳቤጥ አልደወሉም። በሁለተኛው ራዕይ ደወለ፤ 0.92። በሦስተኛው 0.90። አክስቱ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ሰፈራቸው ያለ ወርቅ ቤት ሄደው በሌላ ሚዛን አስመዘኑ፤ 0.90። በአምስተኛው ቀን ድንጋይዋ እንደ ወተት ደፈረሰች። ራዕይ ጭራሽ ጠፋች ብሎ ደወለ። እኔም ፈራሁ፤ ግን ክብደቱ እየወረደ ስለነበር ዝም በሏት፣ ጊዜዋን ስጧት አልኩ። በስምንተኛው በጠርዟ በኩል አረንጓዴ ታየ።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ኤልሳቤጥ ራሳቸው መጡ። ከቤታቸው ኮልፌ ድረስ በታክሲ፣ ሚዛኑን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ድንጋይዋን በጉያቸው ይዘው። መዘኑልኝ። 0.84። ከዚያ በሩ ድረስ ወስደው ፀሐይ ላይ ገልጠው አሳዩኝ። አባባ፣ ቀዩ ከመጀመሪያው ይልቅ የበዛ መሰለኝ። ዩሱፍ ከሱቁ ወጥቶ አየና “አላህ ያውቃል” ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

እትዬ ኤልሳቤጥ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ። ፉጨት ይወድ ነበር አሉ፤ ከጉድጓድ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። ሌባ ስላሉኝ ነገር ግን ምንም አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ድንጋይዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። እሱ በቃኝ።

ከዚያ ራዕይንና ሜሪን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ይህች ድንጋይ ዕቃ ሲታጠብ፣ ዝናብ ሲመታት፣ እንደገና ትጠጣለች፤ ቀለሟ ይሄዳል፣ ቀናት ቆይቶ ይመለሳል፤ ውኃ ስትነኪ ቀለበቱን ብታወልቂው ይሻላል፤ ካልተመቻችሁ ሌላ ድንጋይ ይፈለግ አልኩ። ራዕይ ሜሪን አየ።

“ሄዶ የሚመለስ ነገር ነው የምትይኝ?” አለች ሜሪ።

“አዎ።”

“እኔ እሱን ነው የማገባው እንጂ ሳህን አይደለም። አጠልቀዋለሁ፤ ሳጥብ አወልቀዋለሁ።”

ስለዚህ ሥራውን አፈረስኩት። ከሥር የገጠምኩት የወርቅ ንጣፍ ውኃውን ያፍንባታል፤ አወጣሁት። ጀርባዋን ክፍት አድርጌ በአራት ስስ የወርቅ ድልድይ ብቻ አሳረፍኳት፤ አየር በሥሯ ያልፋል። ንጣፉ ሲቀር ብርሃኗ ይቀንሳል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ይልቁንም ከሁለቱም በኩል ገባላት። ሁሉንም የእሳት ሥራ ጨርሼ፣ ወርቁ ከቀዘቀዘ በኋላ ድንጋይዋን አስገባሁና ክፈፉን በእጅ ግፊት ብቻ ከበብኩባት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሳያት


ቢቸና፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንዳልሽው በተራቸው አነበብኳቸው። የፊተኛውን ጨርሼ፣ ሁለተኛውን ከመክፈቴ በፊት ውጭ ወጥቼ ዞሬ ነው የተመለስኩ።

አራቱ ድልድዮች ያልሽው አልገባኝም። ክፈፉን ያለ እሳት ስትከብቢው ወርቁ ወደ ኋላ አይመለስም? ቅርፊቱ ጎርበጥባጣ ነው፤ በዚያ በኩል በምን ያዝሽው? ሥዪልኝ።

ሌላ አንድ ነገር። ወይዘሮ ኮከብ በሕይወት እንዳለች ጠይቂልኝ። ስለ ድንጋዩ ምንም እንዳትነግሪያት።

አባትሽ


ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ ጤናዎን እንደጠየቅሁ ይቁጠሩልኝ፤ ደስታው ሰላምታዬን ቀደመብኝ።

ቅዳሜ ቀለበቱ ታሰረ። የሜሪ ቤተሰቦች ቤት፣ ቤቴል፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የምሄደው ቀለበቱን ላስረክብ መስሎኝ የሥራ ልብሴን እንኳ በደንብ አልቀየርኩም። አቶ ገዳ፣ የሜሪ አባት፣ በር ላይ እጄን ይዘው ከቤተሰቡ ጋር ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ጸሎት ተደረገ። ራዕይ ቀለበቱን ሲያወጣ ሜሪ ጣቷን ራሷ አስጠጋችለት። ልክ ገባ። በድንኳኑ ቀዳዳ የገባች ፀሐይ ድንጋይዋን ነካቻትና ሜሪ እጇን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ እልል አሉ። አባባ፣ ብዙ ጉትቻ ጠግኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶብኝ አያውቅም።

ፓስተሩ ይህን የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ኤልሳቤጥ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ልንገራችሁ” አሉ። “ይህች ድንጋይ የወንድሜ የመጨረሻ ሥራ ናት። ቀለሟ የጠፋ ዕለት እቺን ልጅ ሌባ ብያታለሁ። እሷ ግን ድንጋይዋንም ሚዛኗንም አስታቅፋ ሰደደችኝ። ዘጠኝ ቀን በገዛ እጄ ስመዝን እውነቷን መዘንኩ። ሌባ ያልኩት በሦስት ሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታዬ ግን በእናንተ ሁሉ ፊት ይሁን።”

መጥተው አቀፉኝ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተነሣ። የማላውቃቸው ሴቶች ሲያቅፉኝ የማንን ትከሻ እንዳረጠብኩ አላውቅም። ሜሪ ጆሮዬ ሥር መጥታ “ሕፃናቱ ሰኞ ሲያዩት ምን እንደሚሉ እነግርሻለሁ” አለችኝ። ሰኞ ደወለች፤ አንዷ “መምህር፣ ጣትሽ ላይ ጠዋት አለ” ብላታለች።

ከቅዳሜ ወዲህ አምስት ሰው መጥቷል፤ ሦስቱ የውርስ ድንጋይ ይዘው ነው። ሁሉንም ፊታቸው መዝኜ ተቀብያለሁ። ዩሱፍ ሳይነግረኝ ሰሌዳ ጸሐፊ አምጥቶ በሩ ላይ ከእርስዎ ስም አጠገብ የእኔን አስጻፈው። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ፤ አላጠፋውም።

የጠየቁኝን ሥዕል አብሬ ልኬያለሁ። በጎርበጥባጣው በኩል ክፈፉን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ የቅርፊቱን ቅርጽ እንዲከተል አደረግሁት፤ ድንጋይዋን ሳላስገድድ ወርቁን አስገደድኩት። እንዴት እንደሆነ በወረቀት አይገለጽም።

ወይዘሮ ኮከብ በሕይወት አሉ። ቀራንዮ እዚያው ግቢያቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን ብሩህ ነው። የይገዙ ልጅ ነኝ ስላቸው ወንበር ሰጡኝ። ቀለበቱ ጣታቸው ላይ ነው። ምንም አልነገርኳቸውም። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።

ሳያት


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንጥረኛዋ ለሳያት ይገዙ

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አንብቤ አልተውኩትም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቼን፣ ከእኔ ጋር መዶሻ ሲያነሡ የኖሩትን ሽማግሎች፣ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እንደኔ የደነቆሩም ስላሉባቸው ሳልጮህ አልቀረሁም፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። አክስቲቱ የተናገረችው ላይ ስደርስ አንዱ ቆቡን አወለቀ። “ልጄ ናት፤ ያቺንም የሙሽራ ሀብል የሠራችው እሷ ናት” አልኳቸው። ሀብሏን የሚያስታውሳት አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ይበቃል።

ስለ ሰሌዳው አልቆጣም። ዩሱፍን አመስግኚልኝ፤ የእኔ ስም ፊደሉ ደብዝዞ ከሆነ እንዳለ ይተወው፤ ያንቺን ያድምቀው።

የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ በወንድዬ መኪና እመጣለሁ። መርካቶ እንዳትጠብቂኝ። መጀመሪያ ቀራንዮ ነው የምወርድ። ከወይዘሮ ኮከብ ደጅ ቆሜ የምናገረውን ስድስት ቀን ሳጠናው ሰንብቻለሁ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ብትረግመኝ እቀበላለሁ፤ ብትምረኝም እቀበላለሁ። ከፈቀደች ብርጭቆው በእውነተኛ ድንጋይ እንዲተካላት አንቺን እለምንሻለሁ፤ እሳቱ ሁሉ አልቆ ወርቁ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ከዚያ ወደ ኮልፌ እመጣለሁ። ያንን ክፈፍ በጎርበጥባጣ ድንጋይ ላይ እንዴት እንዳስኬድሽው ሥዕልሽን ሦስት ጊዜ አይቼ አልገባኝም። እጄ ቢንቀጠቀጥም ዓይኔ ገና ያያል። ከጎንሽ አንድ በርጩማ አስቀምጪልኝ፤ ቀስ ብለሽ እያሳየሽ አስተምሪኝ።

አባትሽ ይገዙ